በ61 ዓመት ልብ ወለድ መጀመር ያሳፍራል ወይ?

«ሰላም ጤና ይስጥልኝ። 61 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ አዋላጅ ነርስ ሆኜ ሠርቼ አምና ጡረታ ወጣሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ልብ ወለድ ማንበብ እወዳለሁ፤ አሁን ጊዜ ሳገኝ ደግሞ መጻፍ ጀመርኩ። አንድ ደብተር ሞልቼ ሁለተኛው ላይ ቆምኩ። ታሪኩ የአንዲት ሴት ሕይወት ነው፣ ከልደቷ እስከ እርጅናዋ። ጋብቻዋ ላይ ስደርስ ግን እጄ ደረቀ። ወንዱ ልጄ ‹እማዬ ደግሞ ደራሲ ልትሆን ነው› እያለ ይስቃል። ታላቅ እህቴ ‹በዚህ ዕድሜሽ ዳዊት መድገም ሲገባሽ ቁጭ ብለሽ ውሸት ትጽፊያለሽ?› ትለኛለች። ዲሲ ያለችው ሴት ልጄ ‹ጨርሺውና ማሳተሚያውን እኔ እልካለሁ› ብላለች። የማውቀው ታሪክ ሁሉ ማዋለጃ ክፍል ያየሁት ነው፣ የሰው ምስጢር ነው ብዬ እፈራለሁ። አማርኛዬም ያን ያህል አይደለም፣ ፊደል እስታለሁ። ይቅርብኝ ወይስ ልቀጥል? ከቀጠልኩስ በስሜ ነው በብዕር ስም? የመጀመሪያዎቹን ገጾች ፎቶ አንስቼ ልኬያለሁ።
ሲስተር፣ ከደብረ ብርሃን»

ሲስተር፣ ደብዳቤዎ ደርሶኛል፣ ገጾቹንም አንብቤያለሁ። ይቀጥሉ። ዋናው መልስ ይኸው ነው። የቀረው እንዴት ይቀጥሉ የሚለው ስለሆነ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፣ ሻይዎን ይዘው ቁጭ ይበሉ።

የዕድሜውን ነገር ቶሎ ልጨርሰው፣ ከጥያቄዎችዎ ሁሉ ቀላሉ እሱ ነው። ይህን ጉዳይ ለማንም ቢያነሱ ሐዲስ ዓለማየሁን ይጠሩልዎታል። እውነታቸውን ነው። በ1902 ተወልደው «ፍቅር እስከ መቃብር» የወጣው በ1958 ነው፣ ስለዚህ 56 ዓመታቸው ነበር። ሰባን ካለፉ በኋላም ሌሎች ሁለት ልብ ወለዶች አሳትመዋል። ግን በሐዲስ ብዙ አይጽናኑ። ወጣት ሳሉ ቲያትር ጽፈዋል፣ ከትልቁ መጽሐፍ በፊትም የተረት መጽሐፍ ነበራቸው። እጃቸው ሲሠራ የኖረ ሰው ናቸው።

ለእርስዎ የምትቀርበው እንግሊዛዊቷ ፔኔሎፒ ፊትዝጄራልድ ናት። ልጆች አሳድጋለች፣ ብዙ ዓመት አስተምራለች፣ ችግርም አይታለች። የመጀመሪያ ልብ ወለዷ በ1977 (በፈረንጆቹ) ሲወጣ 60 ዓመቷ ነበር። የጻፈችውም በሞት አልጋ ላይ የነበረውን ባሏን ለማጫወት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ቡከር የሚባለውን ትልቁን የእንግሊዝ ሽልማት ወሰደች። ሽልማቱን ያመጣላት መጽሐፍ የተቀዳው ከእሷው ኑሮ ነው፤ ቤተሰቡ ለንደን ውስጥ ቴምዝ ወንዝ ላይ አሮጌ ጀልባ ውስጥ ይኖር ነበር፣ ጀልባዋም ኋላ ሰመጠች። መጻሕፍት መደብር ውስጥ መሥራቷ ሌላ ልብ ወለድ ሆነ፣ በጦርነቱ ጊዜ ቢቢሲ መሥራቷ ሌላ ሆነ። ሁሉንም አንድ ላይ አልከመረችም። ከኑሮዋ አንድ ጥግ ትቆርጣለች፣ እሱን ትጽፋለች፣ ወደ ሌላው ትሄዳለች። እንዲህ እያለች 9 ልብ ወለድ ጻፈች፣ አብዛኞቹ ቀጫጭን ናቸው። ቀጭን የሚለውን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ደረቀው እጅዎ። የደረቀው ስላረጁ አይደለም። የያዙት ስለበዛ ነው። አንዲትን ሴት ከተወለደችበት ቀን እስከ እርጅናዋ ልጻፋት ብሎ የተነሳ ሰው ጋብቻዋ ላይ ሲደርስ ገና ስንት ዓመት ይቀረዋል፣ ልጆች አሉ፣ ቀበሌ አለ፣ አብዮት አለ፣ ለቅሶ አለ፣ እሱን ሁሉ አስቦ እጁ ባይደርቅ ነበር የሚገርመኝ። ወጣት ጸሐፊ የሚጽፈውን ነው የሚያጣው። ዕድሜ ያለው ሰው ደግሞ የሚተወውን ያጣል። ብዙ አይቷል፣ ሁሉንም ማስገባት ይፈልጋል፣ ሁሉም እንዲገባ ደግሞ ያሳጥራል። ሲያሳጥር ሰዎቹ ይጠፋሉ።

ከደብተርዎ ልጥቀስልዎ፦ «ከዚያም ብዙ መከራ አየች። ዓመታት አለፉ። ልጆቿን በችግር አሳደገች።» ሰዋስው ላይ ምንም ጥፋት የለበትም። እኔ ግን ማንንም አላየሁም። ምን ዓይነት መከራ? እንጀራ ጋግራ ሸጠች? ከወንድሟ ቤት ተጠጋች? ማታ ማታ ልጆቹን ምን ብላ ነበር የምታስተኛቸው? እነዚህ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ቢያንስ ሦስት አጭር ልብ ወለድ ተቀብሯል።

ሁለተኛው ነገር ምክር ነው። አይቆጡኝ። የመጀመሪያው ገጽ ተኩል «ሕይወት ውጣ ውረድ የበዛባት ናት፣ ሰው ግን በትዕግሥት ሁሉን ያልፋል» ብሎ ጀምሮ በዚያው ይቀጥላል። ይሰርዙት። ሁሉንም። አንባቢዎ ምክር ከእናቱ፣ ከአክስቱ፣ ከሰንበቴው፣ ከሚኒባሱ ሬዲዮ በነጻ ያገኛል። ብር ከፍሎ መጽሐፍ የሚገዛው ሰው ለማየት ነው። (አምድ ላይ ተቀምጬ ምክር አትስጡ ማለቴ ትንሽ ያስቃል፣ አውቃለሁ። የእኔ ሥራ ይኸው ሆነና ነው።)

ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። እንዲህ ይላል፦ «ባሏ የሚስቱን ጫማ በብብቱ ይዞ ከበሩ ውጭ ቆሟል። ቁጭ በል ብንለው እምቢ አለ።» ወዲያው ቀጥለው «በመጨረሻም በሰላም ተገላገለች» ብለው አለፉ። ሲስተር! ወዴት ነው የሚሮጡት? ለምንድን ነው ሰውየው ያልተቀመጠው? ጫማው አዲስ ነው ወይስ ተረከዙ ያለቀ? ከየት ነው የመጡት፣ በእግር ነው በባጃጅ? ቤት ማን ቀረ? ያን የደብረ ብርሃን ብርድ እያወቁት ኮሪደሩ ላይ ሌሊቱን ሙሉ የቆመ ሰው ምን እየፈራ ነው? ምናልባት ከዚህ በፊት አንድ ሚስት እንዲሁ ገብታ አልወጣችለትም። ምናልባት ሊተዋት ሲል ነው ምጧ የመጣው። የቱ እንደሆነ እርስዎም አያውቁም፣ እኔም አላውቅም፣ ልብ ወለዱ የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው። ካዩት ላይ አንድ ነገር ይወስዳሉ፣ የቀረውን ይፈጥራሉ።

ስለዚህ የሴትየዋን የሕይወት ታሪክ ለጊዜው ያስቀምጡት። አይቅደዱት፣ ቁም ሳጥን ላይ ይቀመጥ። በምትኩ ያችን አንዲት ሌሊት ይጻፉ። ሰዓቱን ይወስኑ፣ ለምሳሌ ከምሽቱ ሦስት እስከ ንጋት። ቦታው ማዋለጃ ክፍሉና ኮሪደሩ ብቻ። ሰዎቹ ከአምስት አይብለጡ። ከደብተርዎ ስምንት ወይም አሥር ገጽ ቢሆን በቂ ነው፣ ቅድም ቀጭን ያልኩት ይህን ነው። ልጅነቷ፣ ሠርጓ፣ የአባቷ ርስት፣ ምኑም አይግባ። የግድ ካስፈለገ አንድ ሰው በአፉ ይናገረው፣ ያውም በግማሽ።

ደግሞ እርስዎ ይህን ሥራ ከብዙ ሰው በላይ ያውቁታል። ተራ ስትለዋወጡ ለምትረከበው ነርስ ሪፖርት ስትሰጡ «ኑሮ የጎዳት ምስኪን ሴት ናት» አትሉም። ስንት ሰዓት እንደገባች፣ ምጡ መቼ እንደጀመረ፣ ፕሬዠሯ ስንት እንደሆነ፣ ምን እንደተሰጣት፣ ማን አብሯት እንዳለ ነው የምትነግሯት። ሰሚዋ ከዚያ ተነስታ ሁኔታውን ራሷ ትረዳለች። ልክ እንደዚያ ይጻፉልኝ። «አዘነ» አይበሉ፣ ያደረገውን ይንገሩኝ። ሪፖርቱ ላይ የማይገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ያም ሰውየው የሚፈልገው ነገር። ሪፖርት ላይ ቦታ የለውም፣ ልብ ወለድ ላይ ግን ያለሱ ታሪኩ አይነሳም። እያንዳንዱ ሰው ወደ ክፍሉ ሲገባ አንድ ነገር እንዲፈልግ ያድርጉ። አማት ወንድ ልጅ ትፈልጋለች። ምጥ ላይ ያለችው እናቷን ትፈልጋለች። ተረኛዋ ነርስ ሰዓቷ ደርሶ ቤቷ መሄድ ትፈልጋለች። ሦስቱን አንድ ክፍል ውስጥ ይዝጉባቸው፣ ከዚያ ምን እንደሚሆን ያያሉ።

ንግግር ላይም አማርኛችን ብዙ ይረዳዎታል። አማቷን ከሠርጓ ቀን ጀምሮ «እርስዎ» እያለች የኖረች ምራት ምጡ ሲበረታባት «ውጪልኝ!» ብላ ብትጮህባቸው «በንዴት ጦፋ» ብለው መጨመር አያስፈልግዎትም። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ደንግጧል፣ አንባቢውም ደንግጧል። የሰሜን ሸዋ ሰው ሲያወራ የሚያሳጥርበት፣ አሽሙር የሚያስገባበት፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ተናድዶ የሚዘጋበት መንገድ አለ። እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ሰምተውታል። እንደሰሙት ይጻፉት፣ አያሳምሩት። ባላገሩ ሰውዬዎ እንደ ዜና አንባቢ እያወራ ነው፣ «በአሁኑ ወቅት ባለቤቴ በምን ዓይነት ሁኔታ ላይ ትገኛለች?» ይላል። በፍጹም እንዲህ አይልም። «እንዴት ናት?» ይላል፣ እሱንም ሁለቴ ውጦ።

የምስጢሩ ፍርሃትዎ ትክክል ነው፣ አይጣሉት። የታካሚ ምስጢር መጠበቅ የሙያው ግዴታ ነው፣ በወንጀል ሕጉም ያስጠይቃል፣ ጡረታ መውጣትም አያስቀረውም። ሕጉን ይተዉትና፣ በስም ለውጥ ብቻ የሚሸሸግ ነገር የለም። «አልማዝ»ን «አስቴር» ቢሏት፣ መንታ የወለደችና ባሏ ሾፌር የነበረ ሴት ከሆነች ሰፈሩ በአንድ ቀን ያውቃታል። ስለዚህ መሠረቱን ይለውጡት። የአንዷን ጫማ ለሌላዋ ባል ይስጡ። ነገሩ የደረሰበትን ዘመን በአሥር ዓመት ያንሸራትቱ። ከተማውን ይቀይሩ ወይም ስም የሌለው ጤና ጣቢያ ያድርጉት። ሾፌሩን አስተማሪ ያድርጉት። ጽፈው ሲጨርሱም ራስዎን ይጠይቁ፣ ያቺ ሴት ይህን ብታነብ «እኔ ነኝ» ትላለች ወይ? ካለች ገና ነው። አንዳንድ ታሪክ ደግሞ ምንም ቢለዋወጥ ይታወቃል። እሱን አይጻፉት። የተደፈረች ልጅ፣ የተጣለ ሕፃን፣ አባቱ ሌላ የሆነ ልጅ በእውነት ካጋጠመዎ፣ ስሜቱን ይውሰዱና ታሪኩን እዚያው ይተዉት።

እህትዎን በተመለከተ ብዙ አልከራከራቸውም፣ ታላቅ ናቸው። ግን በሚቀጥለው ጊዜ ቡና ላይ ሲያነሱት ቀስ ብለው አንድ ጥያቄ ይጠይቋቸው። ጌታ በወንጌል የጠፋውን ልጅ ሲናገር፣ ደጉን ሳምራዊ ሲናገር፣ የልጁ ስም ማን ነበር? የየት አገር ሰው ነበር? የለም። ምሳሌ ነው፣ ውሸት ነው ያለውም ሰው የለም። ዳዊቱም ቢሆን ጠዋት ይደገማል፣ ደብተሩ ከሰዓት ይከፈታል። አይጋጩም።

ወንድ ልጅዎ ይሳቅ። ልጆች እናታቸው ከእናትነት ውጪ ሌላ ነገር ስትሆን መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ኋላ ይለምዱታል። ለእሱ ግን አያንብቡለት። ለሴት ልጅዎም ቢሆን ገና ነው፣ ምክንያቱም እሷ ደግሞ ሁሉንም «ዋው እማዬ» ነው የምትለው። ቤተሰብ ወይ ይስቃል ወይ ያለቅሳል፣ ሁለቱም ጽሑፍ አያሻሽልም። የሚያስፈልግዎ አንድ ባዳ አንባቢ ነው። ከተማዎ ውስጥ ጡረታ የወጣ የአማርኛ መምህር አይጠፋም፣ አብራዎት የሠራች አንባቢ ነርስም ትሆናለች። «ቆንጆ ነው?» ብለው አይጠይቁ፣ ቆንጆ ነው ይሉዎታል። «የቱ ጋ ሰለቸህ? የቱ ጋ አላመንክም?» ይበሉ፣ ከዚያ ዝም ብለው ይስሙ። መከላከል የለም።

ስለ አማርኛዎ ያሉትን አልቀበልም። ፊደል መሳት ሌላ ነው፣ አማርኛ አለመቻል ሌላ። ሀሌታውና ሐመሩ ቢምታታብዎ አራሚ የሚባል ሰው አለ፣ ሥራው ነው። አራሚ ሊጨምርልዎ የማይችለው ያን ጫማ ነው። መጀመሪያ በእጅዎ ይጻፉ፣ እንደለመዱት። ስልክዎ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ስላለ ኋላ ራስዎ ቢተይቡት እመርጣለሁ፣ በድምፅ ተናግረውም ማስጻፍ ይቻላል፣ ስሕተቱ ግን ይበዛል። ለጽሕፈት ቤት ሰጥተው ማስተየብ ይቀላል። ሆኖም እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እንደገና በጣትዎ ሲነኩት የማያስፈልገው ራሱ ይታይዎታል፣ ይህን ታይፒስቷ አታደርግልዎትም። ማንበብም አያቁሙ። የሚወዱትን አንድ አጭር ልብ ወለድ ይምረጡና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጅዎ ይገልብጡት። አሰልቺ ይመስላል። ደራሲው የት እንደዘለለ፣ የት እንደዘገየ፣ ንግግር የት ላይ እንዳቋረጠ እጅዎ ያውቀዋል።

አሁን ገንዘቡ። እዚህ ላይ ጠንከር እላለሁ። ልጅዎ የምትልከውን ይዘው ወደ ማተሚያ ቤት አይሂዱ። ዘንድሮ አይሆንም። አገራችን ላይ አብዛኛው ደራሲ የሚያሳትመው በራሱ ኪስ ነው፣ ማተሚያ ቤቱም የጽሑፉን ጥራት አይጠይቅዎትም፣ የሚጠይቀው ቅድሚያ ክፍያ ነው። ወረቀቱ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነው፣ በሐምሌ 2016 የምንዛሪው ሥርዓት ከተለወጠ ወዲህ ደግሞ ለኅትመት የሚወጣው ብር ቀላል አይደለም። መጽሐፉ ታትሞ ሲወጣ አከፋፋዩ የራሱን ድርሻ ይቆርጣል፣ ብዙ ጊዜም የሚከፍልዎ ከተሸጠ በኋላ ነው፣ ያልተሸጠው ተመልሶ ወደ ቤትዎ ይመጣል። በካርቶን የታሸገ መጽሐፍ አልጋ ሥር አስቀምጠው ለሠርግና ለልደት ስጦታ የሚያድሉ ስንት ሰዎች አሉ መሰለዎ፣ አንዳንዶቹ ጥሩ ጸሐፊዎች ናቸው፣ የቸኮሉት ግን ገና በመጀመሪያው ረቂቅ ነው። ልጅዎ ደግ ናት። ገንዘቡን ግን ለአርታኢ ብታደርገው ይሻላል፤ አርታኢ ስል ፊደል የሚለቅመውን ማለቴ አይደለም፣ «ይህ ምዕራፍ ይውጣ» የሚልዎትን ነው። ያም ቢሆን አምስት ስድስት አጭር ልብ ወለድ ከጨረሱ በኋላ። እስከዚያ አንዱን ለመጽሔት ይላኩ፣ የአድማጭ ጽሑፍ የሚተርክ ሬዲዮ ካለም ይሞክሩ፣ ልጅዎ ቴሌግራም ላይ ትለጥፍልዎ።

ይሰርቁኝ ይሆን ብለው ከሠጉም፣ የቅጂ መብት አዋጁ (ቁጥር 410/1996) መብቱን የሚሰጠው ጽሑፉ በወረቀት ላይ ከሰፈረበት ጊዜ አንስቶ ነው፣ ባይመዘገብም። ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል፣ ስለዚህ የሚስቀው ልጅዎም ወራሽ ነው። ማስመዝገብ ከፈለጉ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አለ፣ ለማስረጃ ይጠቅማል። ለጀማሪ ግን ሌባ ብዙም አያሰጋውም፣ የሚያሰጋው አንባቢ ማጣት ነው።

የብዕር ስሙ ቀረ። በእርስዎ ሁኔታ ጥሩ ሐሳብ ይመስለኛል፣ በተለይ ታሪኮቹ ከሐኪም ቤት ከሆኑ፤ «ሲስተር እገሌ ጻፈችው» ከተባለ ሰው ሁሉ ራሱን ፍለጋ ነው የሚያነብልዎ። ግን አሁን አይምረጡት። ስም መምረጥ ደስ ይላል፣ ሳምንት ይበላል፣ ሽፋኑን ማሰብ ደግሞ ሌላ ሳምንት ይበላል። መጀመሪያ አሥሯን ገጽ ይጨርሱና ይላኩልኝ፣ የቱ ጋ እንደሰለቸኝ በግልጽ እነግርዎታለሁ።